መቅዘፊያ የያዘ ሰው ዕዳ

ከኒውዚላንድ በስተደቡብ ባለው ቀዝቃዛ ውቅያኖስ ላይ ብርቱ ዐውሎ ነፋስ ለሁለትና ለሦስት ቀን ያለ ዕረፍት ሲነፍስ የሚያስነሣው ሞገድ፣ ነፋሱ ጸጥ ካለ በኋላም ጕዞውን ሳያቋርጥ፣ የምድርን ወገብ ተሻግሮ፣ ከ7 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ባሕር አልፎ፣ አንድ ሳምንት ያህል ከተጓዘ በኋላ ከሐዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በኦዋሁ ደቡባዊ ጠረፍ ላይ ይደርሳል። በዚያም ዋይኪኪ በሚባለው ስፍራ የባሕሩ ወለል ወደ ላይ እየቀረበ ይመጣበትና፣ የውሃው ጥልቀት ከሞገዱ ቁመት እምብዛም የማይበልጥበት ቦታ ሲደርስ፣ ግርጌው ይዘገያል፣ ራሱ ይቀድማል፣ ከዚያም ይሰበራል፤ ከተሰበረበት ቅጽበት አንሥቶ አረፋ ሆኖ እስኪያልቅ ድረስ ያለው ዕድሜም ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም። ይህን ሁሉ መንገድ የመጣውን ሞገድ፣ በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ በባሕሩ ላይ ከሚጠባበቁት ብዙ ሰዎች መካከል ማን ይጋልበው ዘንድ ይገባዋል? ከጠባቂዎቹስ አንዱ በሳንቃው ላይ ቆሞ ረጅም መቅዘፊያ የጨበጠ እንደ ሆነ፣ እርሱ የተለየ ግዴታ አለበትን? ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ይህንን ነው።

ነገሩን ላላየ ሰው አስቀድሞ መግለጽ ይገባል። ሰርፊንግ የሚባለው ጨዋታ፣ ሰው በሳንቃ ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ በሁለት እጁ እየቀዘፈ፣ ከኋላው የሚመጣውን ሞገድ የሚተካከል ፍጥነት ባገኘ ጊዜ ብድግ ብሎ በእግሩ በመቆም፣ ገና ባልተሰበረው የሞገዱ ገጽ ላይ እየተንሸራተተ የሚሄድበት ነው። ከዚሁ የተወለደውና ስታንድ አፕ ፓድል የሚባለው ሌላው ጨዋታ ደግሞ፣ ከመጀመሪያው አንሥቶ በረጅምና በሰፊ ሳንቃ ላይ ቆሞ፣ ከራስ ቁመት በሚበልጥ መቅዘፊያ እየቀዘፉ ወደ ሞገዱ መግባት ነው። ሁለቱም ወገኖች ሞገዱ መሰበር ከሚጀምርበት ቦታ ጥቂት ወደ ውጭ ወጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ መልሰው የሚቆዩበትን ስፍራ የጨዋታው ሰዎች ላይንአፕ ይሉታል፤ እኔ መጠበቂያው እለዋለሁ። መጠበቂያው አጥር የለውም፣ ዳኛ የለውም፣ ፊሽካ የሚነፋ ሰው የለውም፤ ሥርዐቱ የሚኖረው በተጫዋቾቹ ኅሊናና ዐይን ውስጥ ብቻ ነው።

ዋይኪኪ ረጃጅም ሆቴሎች የተደረደሩበት፣ በስተምሥራቅ በኩል ዳይመንድ ሄድ የተባለው የጥንት እሳተ ገሞራ ተራራ የሚጠብቀው ጠረፍ ነው። በ1912 በስቶክሆልም፣ በ1920 በአንትወርፕ ኦሊምፒክ በ100 ሜትር ዋና የወርቅ ሜዳልያ ያገኘው (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ ሰርፊንግንም ለዓለም ያስተዋወቀው የአገሩ ተወላጅ የዱክ ካሃናሞኩ ሐውልት በዚያ ቆሟል፤ መንገደኛው ሁሉ በተዘረጉት ክንዶቹ ላይ የአበባ ጕንጕን ያንጠለጥልለታል። ሐውልቱ ጀርባውን ለባሕሩ መስጠቱን የአገሩ ሰዎች ይነቅፉታል፤ ነቀፋቸውም ተገቢ ነው፣ ዱክን የመሰለ የባሕር ልጅ በሕይወቱ ዘመን ለሞገድ ጀርባውን ሰጥቶ አይቆምም ነበርና። ከሐውልቱ በስተጀርባ ጥቂት መቶ ሜትር ወደ ባሕሩ ገባ ብሎ ኩዊንስ፣ ካኑስ፣ ፖፑላርስ የተባሉ የሞገድ መሰበሪያዎች አሉ፤ እያንዳንዱም የራሱ ጠባይ፣ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ሽማግሌዎች አሉት።

በሐምሌ ማለዳ ከደቡብ የመጣው ሞገድ ሲበረታ በእነዚህ ስፍራዎች ላይ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ማየት ያስደንቃል። ትናንት ከአውሮፕላን የወረደ፣ ሳንቃ በሕይወቱ ነክቶ የማያውቅ እንግዳ፣ ከአስተማሪው ጋር በሆዱ ተኝቶ ይጠባበቃል፤ ከአጠገቡ አምሳ ዓመት በዚያው ቦታ የተቀመጠ፣ ቆዳው በፀሐይና በጨው የጠቈረ አዛውንት አለ፤ ከእነርሱ ወዲያ ልጆች፣ ከልጆቹ ወዲያ ባለ መቅዘፊያዎች፤ በሁሉም መካከል ደግሞ አራትና ስድስት ሰዎች የሚቀዝፉባቸው፣ በጐናቸው መደገፊያ እንጨት ያላቸው የደሴቲቱ ታንኳዎች እየጮኹ ይወርዳሉ። ታንኳ ሲመጣ ክርክር የለም፤ ሁሉም መንገድ ይለቃል፣ ከመቶ ኪሎ በላይ የሚመዝን፣ ሰው የጫነ እንጨት ሞገድ ላይ ከወጣ በኋላ በቀላሉ አይመለስምና። በተራው ሰውና በተራው ሰው መካከል ያለው ነገር ግን ማብራሪያ ይፈልጋል።

ሕጉ በጥቂት ቃል ይነገራል። ለሞገዱ ጕልላት፣ ማለት ውሃው አስቀድሞ ለሚሰበርበት ለከፍተኛው ቦታ፣ ይበልጥ የቀረበው ሰው ባለ መብት ነው፤ እርሱ ቀዝፎ ሞገዱን ከያዘ ሌላው ሁሉ ወደ ኋላ ይላል። ጕልላቱ ወደ ሁለት ወገን የሚከፈል እንደ ሆነ ግን፣ ቀኝ ጌታና ግራ ጌታ በቅኔ ማሕሌት ወገናቸውን ለይተው እንደሚቆሙ፣ ሁለት ሰዎች አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ ሊሄዱ ይችላሉ፤ እያንዳንዱም የሚሄድበትን ወገን ድምፁን ከፍ አድርጎ ያስታውቃል። ባለ መብቱ በሞገዱ ላይ ሳለ ከፊቱ መግባት ትልቁ ጥፋት ነው፤ ሌላው ጕልላቱን ይዞ ተራውን ሲጠብቅ ዞሮ ከኋላው በመውጣት ተራውን መንጠቅ ሁለተኛው ጥፋት ነው። ወደ መጠበቂያው የሚመለስም ሰው በሚጋልቡት መካከል አያልፍም፤ ራቅ ብሎ ይዞራል፣ መዞር ያልቻለ እንደ ሆነም የጋላቢውን ጥርት ያለ መንገድ ከመዝጋት ይልቅ ወደ አረፋው ገብቶ መመታትን ይመርጣል።

የሕጉ ምክንያት ከጨዋነት በፊት አጥንትን መጠበቅ ነው። ለጕልላቱ የቀረበው ሰው ከኋላው የሚፈርስ ውሃ አለ፤ ሊቆም አይችልም፣ ሊመለስ አይችልም፣ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ሲሆን እርሱም ወደ ፊት ነው። ከፊቱ የሚገባ ሰው ያንን አንድ መንገድ ይዘጋበታል። ከሳንቃው ሆድ ሥር የተተከለው ክንፍ ጠርዙ ስለታም ስለ ሆነ፣ የሁለት ሳንቃዎች ግጭት ብዙ ጊዜ የሚያበቃው በደም ነው። ስለዚህ ሕጉን ያወጣው አንድ ጉባኤ ወይም አንድ ሹም ባይሆንም፣ ካሊፎርንያም አውስትራልያም ፔሩም ያለ ተጫዋች ሁሉ ከሞላ ጐደል በአንድ ቃል ያውቀዋል።

ይህን ካወቅን ዘንድ፣ በአንድ ማለዳ ከመጠበቂያው ጠርዝ በኪራይ ሳንቃ ላይ ተቀምጬ ያየሁትን ልናገር። አንድ ጐልማሳ ቢጫ ሳንቃውን እየቀዘፈ መጣና ከተቀመጡት ሁሉ ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ውጭ አልፎ ቆመ። የመጀመሪያው ትልቅ ሞገድ ሲመጣ፣ እኛ ገና አድማሱ መጥቈሩን ሳናስተውል፣ እርሱ ሳንቃውን አዙሮ ሦስት ጊዜ ቀዘፈ፤ ሞገዱ ገና ሳይቆም በላዩ ላይ ነበረ፤ በእኛም መካከል በቀስታ አልፎ እስከ ዳር ወረደ። ከዚያም ቆሞ እየቀዘፈ፣ ሌላው በክንዱ ከሚመለስበት ጊዜ በግማሹ ተመልሶ፣ ያንኑ ቦታ ያዘ። ሁለተኛውን ወሰደ። ሦስተኛውንም ወሰደ። ከእኔ በስተግራ ዕድሜዋ ዐሥራ ሁለት ያህል የሚሆን ልጃገረድ በአጭር ሳንቃ ላይ ነበረች፤ በየጊዜው ፊቷን ወደ ዳር መልሳ ትቀዝፍና፣ ሰውዬው አስቀድሞ በሞገዱ ላይ መሆኑን ስታይ የሳንቃዋን አፍንጫ ወደ ላይ ሳብ አድርጋ ታቆማለች። አራተኛው ሲያልፍ ከንፈሯን ነከሰች እንጂ አንድ ቃል አልተናገረችም።

በዚያ ያሉ ሁሉ ለታላቅ ሰው በሚሰጡት መጠሪያ «አንክል» የሚሉት አዛውንት ሳንቃቸውን ወደ ሰውዬው አቅርበው በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ጥቂት ለሌሎቹም ተውላቸው» አሉት። ሰውዬውም ተቈጥቶ ሳይሆን ከልቡ ተገርሞ፣ «ጌታዬ፣ እኔ እኮ በማንም ፊት አልገባሁም፤ በየጊዜው ከሁሉ አስቀድሜ የያዝሁት እኔ ነኝ» ሲል መለሰ። አዛውንቱ ራሳቸውን ነቅንቀው፣ «እውነትህን ነው፤ ነገር ግን አንተ ቆመህ ታያለህ፣ እኛ ተቀምጠን ነው የምናየው» አሉት።

ሰውዬው የጠቀሰው ሕግ በቃሉ አልተጣሰም ነበር። በየጊዜው ለጕልላቱ ከሁሉ የቀረበ እርሱ ነበረ፤ በየጊዜው አስቀድሞ ሞገዱን የያዘ እርሱ ነበረ። ሆኖም በአራቱ ሞገድ ውስጥ ልጃገረዲቱም አዛውንቱም ምንም አላገኙም። የቅድሚያ ሕግ የተወለደው ሁሉም በሆዱ ተኝቶ በእጁ በሚቀዝፍበት ዘመን፣ በተመሳሳይ ዐይንና በተመሳሳይ ክንድ መካከል ስለ ሆነ፣ ከእነርሱ አንዱ ረጅም ዐይንና ረጅም ክንድ ይዞ ሲመጣ፣ ሕጉ ቃሉ ሳይለወጥ ፍትሑን ያጣል። የዚህ ጨዋታ ሥነ ምግባር ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ።

ልዩነቱ ምን ያህል መሆኑን በልክ እንየው። ተቀምጦ የሚጠባበቅ ሰው ዐይኑ ከውሃው በላይ 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አድማሱም ወደ 3 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የቆመ ሰው ዐይን በ1 ሜትር ከ70 ላይ ያለ እንደ ሆነ፣ አድማሱ 4 ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ይሆናል። ከአድማሱ ርቀት ይልቅ ግን የሚበልጠው ነገር፣ በቅርብ ያሉት ትንንሽ ሞገዶች የተቀመጠውን ሰው ዐይን ሲጋርዱ የቆመው ሰው በላያቸው አሻግሮ ማየቱ ነው። የውቅያኖስ ሞገድ አንድ በአንድ በእኩል ልክ አይመጣም፤ ፍጥነታቸው የተለያየ ሞገዶች በባሕሩ ላይ አንዱ ከሌላው ጋር ሲደራረቡ አንዳንዴ ይደጋገፋሉ፣ አንዳንዴ ይደመሳሰሳሉ፣ ስለዚህም ባሕሩ ለብዙ ደቂቃ ረግቶ ከቈየ በኋላ ሦስት ወይም አምስት ትልልቅ ሞገዶች በተከታታይ ይደርሳሉ። ሁሉም የሚጠብቀው እነዚህን ነው፤ መምጣታቸውን አስቀድሞ ያየ ሰውም ቦታውን አስቀድሞ ይይዛል።

በዚህ ላይ የሳንቃው ግዙፍነት ይጨመራል። ብልሆች የሚጋልቡበት አጭር ሳንቃ በውሃ ላይ የሚያንሳፍፈው ይዘቱ 30 ሊትር ያህል ሲሆን፣ የባለ መቅዘፊያው ሳንቃ ከ100 ሊትር ይበልጣል፤ ርዝመቱ 3 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም ዐሥር ኪሎ አካባቢ ነው። እንዲህ ያለ ሳንቃ ገና ያልቆመውን፣ ለሌላው የማይያዘውን ሞገድ ከሩቅ ይይዛል። አደጋውም የዚያኑ ያህል ነው። ባለ አጭር ሳንቃው የሚሰበር ሞገድ ፊት ለፊት ሲመጣበት ሳንቃውን ከራሱ ጋር ወደ ውሃ አጥልቆ ከሥሩ ያልፋል፤ ባለ መቅዘፊያው ግን ያን ግዙፍ ነገር ማጥለቅ ስለማይችል፣ ጀማሪ የሆነ እንደ ሆነ ሳንቃውን ጥሎ ይዘላል። ሳንቃው ከቁርጭምጭሚቱ ጋር በ3 ሜትር ገመድ ታስሮ ስለሚቀር፣ ከእርሱ በኋላ እስከ 6 ሜትር ድረስ ያለ ሰው ሁሉ ከሞገዱ ጋር በሚወረወር ዐሥር ኪሎ ፊት ይቀራል። ለዚህ ነው፣ ባለ መቅዘፊያ ከኋላው ማን እንዳለ ሳያይ ሳንቃውን አይለቅም የሚለው ሥርዐት ከሌሎቹ ሁሉ የሚጠብቀው።

እዚህ ላይ የሞገድ ክፍፍል ታሪክ ሊነገር ይገባል። የካፒቴን ኩክ ባልደረባ የነበረው ሌተና ጀምስ ኪንግ በ1779 ሐዋያውያን በሳንቃ ላይ ሞገድ ሲጋልቡ አይቶ በመደነቅ ጽፏል። በዚያ ዘመን ካፑ የሚባል የክልከላ ሕግ ነበረ፤ አሊኢ የተባሉት መኳንንት ኦሎ በሚባለው ረጅም ሳንቃ ይጋልቡ ነበር፣ የተከለሉላቸውም የሞገድ ስፍራዎች ነበሩ። ካፑ በ1819 በንጉሡ በሊሆሊሆና በካአሁማኑ ዘመን ተሻረ፤ በተከታዩ ዓመት የአሜሪካ ሚስዮናውያን ደረሱ፤ ከሁሉም በላይ ከውጭ የመጣው በሽታ ሕዝቡን ስለ ጨረሰ፣ ክፍለ ዘመኑ ሲያልቅ በሞገድ ላይ የሚታየው ሰው እጅግ ጥቂት ሆነ። ጨዋታው በዋይኪኪ ዳግመኛ ያንሠራራው በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ሲሆን፣ በ1908 አውትሪገር የታንኳ ክበብ ተቋቋመ፤ ዱክና ባልደረቦቹም ሁዊ ናሉ የተባለውን ማኅበራቸውን መሠረቱ።

በዱክ ዘመን የነበሩት የእንጨት ሳንቃዎች እጅግ ከባዶች ነበሩ፤ የእርሱ 16 ጫማ ሳንቃ ከ50 ኪሎ አያንስም ነበር፤ ሳንቃዎቹም ክንፍ ስላልነበራቸው እንደ ልብ አይታጠፉም ነበር። ሁሉም ጐን ለጐን ቀጥ ብለው ወደ ዳር ይወርዱ ነበርና አንድን ሞገድ ዐሥር ሰው ቢካፈለው የሚጐዳ አልነበረም። በ1935 ቶም ብሌክ ክንፍ ተከለ፤ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከአረፋ የተሠራ ቀላል ሳንቃ ወጣ፤ በ1959 ጊጄት የተባለው ፊልም ከታየ በኋላ የካሊፎርንያ ጠረፎች በወጣት ተጥለቀለቁ፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ የእግር ገመድ ስለ መጣ ሳንቃው ሲያመልጠው እስከ ዳር መዋኘት የሚፈራው ሰው ሁሉ ደፍሮ ገባ። ሳንቃው የሚታጠፍ ሲሆን ሞገዱ በሙሉ ለአንድ ሰው የሚያስፈልግ ሆነ፤ ሰውም ሲበዛ ሞገዱ አነሰ፤ ስለዚህም አንድ ሞገድ ለአንድ ሰው የሚለው ሕግ ጸና። በዋይኪኪ ለስላሳ መሰበሪያዎች ላይ ግን ጥንታዊው ልማድ ፈጽሞ አልጠፋም፤ እስከ ዛሬ አምስትና ስድስት ሰዎች በአንድ ሞገድ ላይ እየሣቁ ሲወርዱ ይታያል። እንግዳ ሰው ስለዚህ ወደ ውሃው ከመግባቱ በፊት ዳር ላይ ተቀምጦ የስፍራውን ልማድ ቢመለከት መልካም ነው።

ቆሞ የመቅዘፍም ታሪክ ከዚያው ጠረፍ ይጀምራል፤ ከዚህም ውስጥ ለክርክራችን እጅግ የሚጠቅም ነገር አለ። በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ በዋይኪኪ ቢች ቦይ የሚባሉት የባሕር ዳር አስተማሪዎች፣ እንግዶችን ሰርፊንግ ሲያስተምሩ፣ አንዳንዶቹ በትልልቅ ሳንቃ ላይ ቆመው የታንኳ መቅዘፊያ ይይዙ ነበር። የሚቆሙበት ምክንያት ደቀ መዛሙርታቸውን ከላይ ሆነው ለመጠበቅ፣ የሚመጣውንም ሞገድ አይተው ለመንገር፣ በአንገታቸውም ባንጠለጠሉት ካሜራ ፎቶግራፍ ለማንሣት ነበር። የአ ቾይ ቤተሰብ ሰዎችና ጆን ዛፖቶኪ በዚህ ይታወሳሉ። ልማዱ ከብዙ ዓመት በኋላ የታደሰው በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌርድ ሃሚልተንና ዴቭ ካላማ በማዊ ደሴት መቅዘፊያ አንሥተው በቆሙ ጊዜ ነው፤ በኦዋሁ ምዕራባዊ ጠረፍ በማካሃም የኬአውላና ቤተሰብ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በዓመታዊ ውድድሩ ውስጥ አገባው፤ ከዚያም ወደ ካሊፎርንያና ወደ ዓለም ሁሉ ተዛመተ።

በሌላ የዓለም ክፍልም ያው ነገር ታይቷል። የእስራኤልን ጠረፍ የሚያውቁ፣ በዚያም የሚኖሩ የአማርኛ አንባቢዎች ሐሳኬ የተባለውን ሰፊና ጠፍጣፋ ሳንቃ ሳያዩ አልቀሩም፤ የሕይወት አድን ሠራተኛው በላዩ ቆሞ፣ በሁለት ጫፍ በሚቀዝፍ ረጅም መቅዘፊያ ሞገዱን እየሰነጠቀ ወደ ሰጠመው ሰው ይገሠግሣል። ሐሳኬ ሲመጣ ዋናተኛው ሁሉ ገለል የሚለው፣ የቆመው ሰው ለሌላው ሲል የቆመ መሆኑን ስለሚያውቅ ነው። እንግዲህ በዋይኪኪም በቴል አቪቭም በሰው መካከል ከፍ ብሎ በባሕር ላይ መቆም በመጀመሪያ የጥበቃ ሥራ ነበር። ከፍታው የተሰጠው ለዐይን ነው፤ ዐይኑም የተሰጠው ስለ ሌሎች ነው። የዛሬው ባለ መቅዘፊያ ያንኑ ከፍታ ወርሶ ሥራውን ትቶ ቢገኝ፣ ጐረቤቶቹ የሚቀየሙት በአዲስነቱ ብቻ አይደለም።

በዚያው ሰሞን በፖፑላርስ ያየኋት አንዲት ሴት ይህን ሥራ አልተወችም ነበር። ጠጕሯ የሸበተ፣ ክንዷ የጠነከረ፣ ሰማያዊ ሳንቃ የያዘች ባለ መቅዘፊያ ናት። ወደ መጠበቂያው ስትደርስ ሰው ካለበት ርቃ ከትከሻው በኩል፣ ማለት ሞገዱ ዘግይቶ ከሚሰበርበት ወገን ተቀመጠች፤ አዎን፣ ተቀመጠች፤ መቅዘፊያዋን በጭኗ ላይ አጋድማ እግሮቿን በውሃው ውስጥ ሰደደች። አልፎ አልፎ ትነሣና አድማሱን ትመለከታለች፤ ትልልቆቹ መምጣታቸውን ስታይ ከቀዘፋ አስቀድማ «ውጭ! ውጭ!» ብላ ጮኸች፣ ያን ጊዜ ሁሉም ሳንቃውን አዞረ። የመጀመሪያውን ሞገድ አንድ ወጣት ወሰደ፤ ሁለተኛውን ልትይዝ ስትችል አጠገቧ ላለ ጀማሪ በመቅዘፊያዋ ጫፍ እያመለከተች፣ «ያንተ ነው፣ ቅዘፍ፣ ቅዘፍ!» አለችው፤ እርሱም እየተንገዳገደ ቆመ፣ ከመጠበቂያውም እልልታ ተሰማ። እርሷ ሦስተኛውን፣ ማንም ያልደረሰበትን፣ ወሰደች። ስትመለስም በጋላቢዎቹ መካከል ሳይሆን በጥልቁ መተላለፊያ በኩል ዞራ መጣች፤ ዞራ ስትመጣም እንደገና ወደ ጕልላቱ አልቀደመችም፣ የነበሩት ተራቸውን እስኪያገኙ ቆየች።

ባለ መቅዘፊያ የሚገባውን ሁሉ ከዚህች ሴት መማር ይቻላል፤ ከእርሷ ሥራ የጐደለ ነገር ቢኖር፣ ጀማሪ ስላልነበረች ጀማሪ ሊያደርግ የሚገባው ብቻ ነው። እርሱም ይህ ነው፦ ሳንቃውን በሞገድ ላይ ማዞርና ማቆም እስኪችል ድረስ፣ በቀላል ሞገድና ሰው በሌለበት ስፍራ ይለማመድ። በረጅም ጠረፍ ላይ ባዶ ስፍራ ማግኘት ባለ መቅዘፊያውን ሌላውን ያህል አያስቸግረውም፤ አንድ ኪሎ ሜትር ቀዝፎ መሄድ ለእርሱ ሽርሽር ነውና፣ ሌላው የማይይዘውንም ለስላሳ ሞገድ መያዝ ይችላል። ከአራትና ከአምስት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ በአንዲት ትንሽ መሰበሪያ ላይ መውረድ ግን፣ እያንዳንዳቸው ምንም ጨዋ ቢሆኑ፣ በጠቅላላው ሲታይ ወረራ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያስገድድ የመንግሥት ሕግ የለም። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በ2008 ቆሞ የሚቀዘፍበትን ሳንቃ ከመርከብ ወገን ቈጥሮ የነፍስ አድን ጃኬት ያስፈልገዋል ሲል፣ ይህ የሚሠራው ከመዋኛና ሞገድ ከሚጋለብበት ስፍራ ውጭ መሆኑን ለይቶ ነው። በ2020 በስዊትዘርላንድ ያለው የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ጨዋታው በኦሊምፒክ ደረጃ የሚተዳደረው በዓለም አቀፉ የሰርፊንግ ማኅበር ነው እንጂ በታንኳ ፌዴሬሽን አይደለም ብሎ ፈረደ፤ ሁለቱ ማኅበራት ለዚህ ዓመታት ተሟግተዋል፤ ነገር ግን የጨዋታው ባለቤት የቱ ማኅበር መሆኑ መታወቁ በመጠበቂያው ላይ ተራው የማን እንደ ሆነ ለልጃገረዲቱ አይነግራትም።

ሕግ የሌለበትን ቦታ በጡጫ ለመሙላት የሞከሩም አሉ፤ ስለ እነርሱ ዝም ማለት አይገባም። በ1966 የዓለም ሻምፒዮን የነበረው አውስትራልያዊው ናት ያንግ በ2000 በአንጎሪ ጠረፍ ከተጣላው ሰው ክፉኛ ተደብድቦ የፊቱ አጥንት ተሰበረ፤ ከዚያም በኋላ ስለ ባሕር ላይ ቍጣ መጽሐፍ አሳተመ። በሎስ አንጀለስ አጠገብ ባለችው ሉናዳ ቤይ፣ የስፍራው ነዋሪዎች የሆኑ ጐልማሶች እንግዳን በማስፈራራት ለብዙ ዓመታት ሲከሰሱ ኖረው፣ ነገሩ በ2016 ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ደረሰ፣ የሠሩትም የድንጋይ መጠለያ በዚያው ዓመት ፈረሰ። እነዚህ ሰዎች ሥርዐትን እንጠብቃለን ይሉ ነበር። እኔ ግን፣ ደካማውን ለመጠበቅ የተሠራ ሥርዐት ደካማውን ለማባረር ሲውል ሥርዐት መሆኑ ቀርቷል እላለሁ፤ የዋይኪኪው አዛውንትም በአንዲት ዐረፍተ ነገር ያደረጉትን፣ በሉናዳ ቤይ ያሉት በዓመታት ማስፈራራት አላደረጉትም። ባለ ቢጫ ሳንቃው ሰውዬ አዛውንቱ ከተናገሩት በኋላ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየ፤ ከዚያም ሳንቃውን ወደ ትከሻው በኩል ወሰደ፤ ልጃገረዲቱም ከሚቀጥሉት ሞገዶች አንዱን አገኘች።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሰውዬው ያልተማረው ነገር ለመማር አምስት ደቂቃ የሚበቃ መሆኑ ነው። በጠረፉ ያሉት የኪራይ ሱቆች ገንዘብ ተቀብለው፣ ፊርማ አስፈርመው፣ የሳንቃውን ጭረት በጥንቃቄ መዝግበው፣ መቅዘፊያውን ለእንግዳው ያስረክቡታል፤ ስለ ጕልላቱ፣ ስለ ቅድሚያ፣ ከኋላ ሰው እያለ ሳንቃ ስላለመጣል፣ ስለ መተላለፊያው መንገድ፣ ቁጭ ብሎ ስለ መጠበቅ ሁሉም ባይሆኑ ብዙዎቹ አንድ ቃል አይነግሩትም። አከራዩ በአሸዋ ላይ በጣቱ አንድ መስመር አስምሮ፣ «ሰዎቹ እዚህ ይጠብቃሉ፣ አንተ በዚያ ዞረህ ውጣ፣ መጀመሪያ ተቀመጥ፣ ሦስት ሞገድ አሳልፍና አራተኛውን ጠይቀህ ውሰድ» ቢለው፣ እንግዳው ያለ ኀፍረት ይገባል፣ በሌሎችም ሰላምታ ይወጣል። ማከራየት ፈቃድ የሚያስፈልገው ሥራ በሆነበት ጠረፍ ሁሉ፣ ይህን አምስት ደቂቃ ማስተማር ከፈቃዱ ግዴታዎች አንዱ ሆኖ ሊጻፍ ይገባዋል።